እዚህ ቤት እንግዳ የለም

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ለሽቦ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱም በቤቱ ያሉትም ሁሉ ደህና ናቸው። ለምን ስልክ አትደውዪም ላልከው መልሴ ያው የድሮው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጬ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ ጡረታ የወጣሁት ከስልክ ለመገላገል ነው። ደግሞ ይህን ቤት ታውቀዋለህ፤ ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ሲያስነጥስ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት «ይማርህ» ይላሉ። ለአንተ በስልክ የነገርኩህን ሁሉም ሰማ ማለት ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መምጣቱን ማን እንደጻፈልህ ገብቶኛል። ያ ልብስ ሰፊ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል! አዎ፣ መጥቶ ነበር፤ የሚያሳስብ ነገር ግን የለም። አዲስ ደንብ ወጥቶ፣ ተከራይ ያለበት ሕንፃ ሁሉ «የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ» ወይም «የእንግዳ ማረፊያ» ተብሎ ሊመዘገብ ነው አሉ። መጥቶ ያያል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል፤ ሌላ ምን አለው?

እኛም ቤቱ እንዳያሳፍረን ተረባረብን። የተራው ባለቤት ማን እንደሆነ ሳንጨቃጨቅ ደረጃው ታጠበ፤ ይህ በቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ከእኔ ጎን ያለችው የሹፌሩ ሚስት በሦስተኛው ፎቅ ክፍሎች በር ላይ ያማረ ቁጥር ቀባች። ልብስ ሰፊው ለየአልጋው አንድ ዓይነት አልጋ ልብስ ሰፋ። እኔ ደግሞ በየአልጋው ላይ ፎጣ አጥፌ፣ ከላዩ ትንንሽ ሳሙና አኖርኩ። መግቢያው ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ አበባና የእናታችንን ደወል አስቀመጥኩበት። ሰውየው ሲገባ ዓይኑን ማመን አቃተው። «እንዴት ያለ የተሰናዳ ቤት ነው!» እያለ ሲጽፍ፣ ሲጽፍ፣ ሲጽፍ ቆየ። ኮራሁ፣ ምን ልበልህ።

ሦስተኛ ፎቅ ያለውን የድሮ ክፍልህን የያዘችው ተለማማጅ ነርስ ሰላም ብላሃለች። ዳቦ ጋጋሪውም እንደዚሁ። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ገብተዋል። ከሩቅ ነው የመጡት፤ ባለቤታቸው ከኋላችን ባለው ሆስፒታል ይታከማሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው።

እህትህ

ጥቅምት 19

ለውድ እታለም፣

ሰላምታዬ ከምንቆፍረው የመንገድ ዋሻ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን የውሃ ቦቴው ሹፌር አመጣልኝ፤ እዚያው መብራት ከምዘረጋበት መሰላል ላይ ሆኜ አነበብኩት። ትበላለህ ወይ ብትዪኝ፣ እበላለሁ። ከስተሃል ወይ ብትዪኝ ደግሞ አላውቅም፤ እዚህ መስታወት የለም፣ የሚያየኝም ሰው ሁሉ በአቧራ የተለሰነ ነው።

እታለም፣ መጀመሪያ ሳነበው ከመሰላሉ እስክወድቅ ሳቅሁ። ለቁፋሮ ጓዶቼም አነበብኩላቸውና አብረን ሳቅን። ኋላ ግን ለብቻዬ ደግሜ አነበብኩት። ቁጥር የተቀባበት በር፣ የታጠፈ ፎጣ፣ ትንንሽ ሳሙና፣ መግቢያው ላይ ጠረጴዛ፣ ከነደወሉ! አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው «ይህ ቤት ማረፊያ ነው ወይስ መኖሪያ?» ብሎ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ሆቴል ከፍተሽ ጠበቅሽው እኮ!

«የሚያሳስብ ነገር የለም» የምትዪውን ነገር አውቀዋለሁ። አባታችን ታሞ በተኛ ጊዜም እንደዚሁ ነበር የጻፍሽልኝ። የመጣ ወረቀት ካለ ደብቀሽ አታኑሪው፤ ጻፊልኝ። ቤቱ የሁለታችን ነው፣ ጭንቀቱም ለሁለት ይከፈል።

ወንድምሽ

ኅዳር 2

ለወንድሜ ለሽቦ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ወረቀቱ የአንተ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ በፊት መጥቶ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ሰነበትኩ። ካላየሁት የሚጠፋ መስሎኝ ነው መሰለኝ።

እንደፈራኸው ነው። ቤታችን «የእንግዳ ማረፊያ» ተብሏል። ሦስተኛው ፎቅ ብቻ አይደለም፤ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ። በዚህ ሰፈር ደግሞ ማረፊያ መክፈት አይፈቀድም፤ ስለዚህ እስከ የካቲት መጨረሻ ሁላችንም ቤቱን ለቀን እንዲታሸግ ተወስኗል። ልብስ ሰፊው ከነመኪናው፣ ሹፌሩ ከነሚስቱና ከነመንታዎቹ፣ የላይኞቹም፣ እኔም፣ አባታችን በእጁ ከገነባው ቤት እንውጣ ነው የሚሉት።

ምክንያታቸው ምንድን ነው ብትለኝ፦ የሦስተኛው ፎቅ ሰዎች በአንድ ወጥ ቤት ይጠቀማሉ፤ ኪራይ የሚከፍሉት በየሳምንቱ ነው፤ ሽማግሌውና ባለቤታቸው ደግሞ ሕክምናው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እንግዲህ እነዚህ ነዋሪ አይደሉም፣ አዳሪ ናቸው ይላል። ከዚያ በታች የእኔ ጥፋት ተዘርዝሯል። ሳሙናዬን «ለእንግዳ አገልግሎት የተዘጋጀ» ብሎታል። ሰውየው እያመሰገነኝ እንዲህ ሲጽፍብኝ እንደነበር ሳስበው፣ ያቺን ደወል ባናቱ ላይ በሰበርኩበት እላለሁ።

የሹፌሩ ሚስት ቁጥሩን የቀባሁት እኔ ነኝ ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች። ልብስ ሰፊው ደግሞ አልጋ ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ ይላል። እኔም ሁላችሁንም ያሰማራሁት እኔ ነኝ አልኳቸውና ዝም አሰኘኋቸው።

ይግባኝ ብያለሁ። ሦስት አባላት ያሉት የይግባኝ ጉባኤ አለ፤ ቤቱን በዓይናቸው አይተው ይፈርዳሉ። ጠበቃ አልያዝኩም። ዘመኔን ሁሉ ሌላውን ሳነጋግር የኖርኩ ሴት ለራሴ መናገር አያቅተኝም።

እህትህ

ኅዳር 15

ለውድ እታለም፣

እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። አንዱን ሽቦ ከሌላው እያምታታሁ አለቃዬ ሁለት ጊዜ ተቆጣኝ።

የማስበውን ልንገርሽ፣ አትቆጪ። ችግሩ ያለው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። እነዚያን ክፍሎች ባዶ ብናደርጋቸው፣ ከታች ያሉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወጥ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ ማንም ማረፊያ ሊላቸው አይችልም። ነርሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ቤት አታጣም። ዳቦ ጋጋሪውም ዳቦ ቤቱ ውስጥ ማደር ይችላል። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ዞሮ ዞሮ ሂያጆች ናቸው። ሁሉንም ከማጣት ጥቂቱን መልቀቅ ይሻላል።

በዚህ ከተስማማሽ እኔም እንደ ባለቤት ፈርሜ እልካለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 27

ለወንድሜ፣

የጻፍከው ደርሶኛል።

ማንን ላስቀድም? ነርሷን ላስቀድም? ባለፈው ወር የሹፌሩ መንታዎች ትኩሳት ይዟቸው ሦስት ቀን አጠገባቸው የተቀመጠች እሷ ናት። ዳቦ ጋጋሪውን ላስቀድም? እሱ ዳቦ ይዞ ካልመጣ ቁርስ አንበላም። ወይስ ሽማግሌውን ጠርቼ፣ «ባለቤትዎን ከአልጋ አንሥተው ይዘው ይሂዱ፣ ወንድሜ እንቅልፍ አጥቷል» ልበላቸው? ሴትዮዋ ከአልጋ እስከ መስኮት ለመድረስ የእኔን ክንድ ይፈልጋሉ። ሐኪሞቹ ገና ብዙ ሕክምና ይቀራቸዋል ብለዋል።

ሰው አስወጥቼ የማተርፈው ቤት ቤት አይሆነኝም። ቢዘጋም አብረን እንወጣለን። አንተ ድርሻህን የምትፈልግ ከሆነ በግልጽ ጻፍልኝ፤ በዙሪያው አትዙር።

እህትህ

ታኅሣሥ 9

ለእታለም፣

ይቅርታ። ከዚህ ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁም። ድርሻ የሚባል ነገር በአፌም በልቤም የለም። ፈርቼ ነው። ሰው ከመሬት በታች ውሎ ሲያድር ሁሉ ነገር የሚናድበት ይመስለዋል፤ አንቺም ከዚያ ቤት ወጥተሽ የሰው ደጅ ስትጠብቂ ታየኝ። በቃ፣ ያን ደብዳቤ ለምድጃ ስጪው።

አሁን ጉባኤው ሲመጣ ምን እናዘጋጅ ብትዪኝ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ፦ ምንም! ቁጥሮቹን ፋቁ፣ ጠረጴዛውን አስገቡ፣ ሳሙናውን ታጠቡበት። ከዚያ ቤቱን እንዳለ ተይው። ልብስ ሰፊው ይጩህ፣ መንታዎቹ ይሩጡ። ሳምንት ያደረ ሁሉ ደረጃውን በተራ ያጥባል የሚለው የአባታችን ሕግም እንደ ወትሮው ጭቅጭቁን ያስነሣ። አንቺ ግን ሰው ሊመጣ ነው ሲሉሽ እጅሽ አያርፍም፤ አውቅሻለሁ። እጅሽን እሰሪው።

ወንድምሽ ሽቦ

ጥር 4

ለሽቦዬ፣

ቁጭ ብለህ አንብብ፤ መሰላል ላይ ከሆንክ ውረድ።

የጉባኤው ሰዎች መቼ ይሆን የሚመጡት ስንል ነበር። መጡ! ያውም ሳይነግሩን፣ ቅዳሜ ማለዳ። ምክርህን ሰምቼ ነበር፤ ይህን ደግመህ እንዳታስነግረኝ። ቁጥሮቹ አልለቅ ብለው የሹፌሩ ሚስት በቢላ ፍቃቸዋለች፤ በሮቹ የተቧጨሩ መስለዋል።

የደረጃው ተራ የሽማግሌው ነበር። እሳቸው ግን ባለቤታቸውን ይዘው ሆስፒታል ስለሄዱ ነርሷ በራሷ ሥልጣን ልታጥብላቸው ተነሣች። የሹፌሩ ሚስት ደግሞ «ያለፈውን ያላጠበው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ማጠብ ያለበት እሱ ነው» ብላ ከሁለተኛ ፎቅ ትጮሃለች። ዳቦ ጋጋሪው ከላይ ሆኖ ይምላል። ልብስ ሰፊው ማንም ሳይጠይቀው ከታች ይፈርዳል። ውሃው በደረጃው እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል። በዚህ መሐል አንዲት ሴትዮ ሁለት ሰዎች አስከትላ ገብታ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

ነርሷ አጎንብሳ እያሸች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ማነሽ አንቺ! አሁን የታጠበ ነው፤ ጫማሽን አውልቂ!» ብላ ጮኸችባት።

እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። የጉባኤው ሰብሳቢ መሆኗን ይግባኙን ሳስገባ አይቻት ስለነበር አወቅሁ። ክው ብዬ ቀረሁ። ሴትዮዋ ግን አንዴ ቆም አለችና ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ሁለቱ ሰዎችም ተያይተው አወለቁ። የአንደኛው ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። ልብስ ሰፊው ይህን አይቶ ያልፋል? «ጌታዬ፣ አውልቀው ይስጡኝ፤ እስኪወርዱ ይደርሳል» አላቸው።

ሰብሳቢዋ ነርሷ ጋ ስትደርስ፣ «ለዚህ ሥራ ይከፍሉሻል?» አለቻት።

ነርሷ አሁን ቀና ብላ አየቻትና አነጋገሯን ለወጠች። «ማን ይከፍለኛል እትዬ? ተራ ነው።»

«ኪራይ እየከፈልሽ ደረጃ ታጥቢያለሽ?»

«ቤቴ አይደል እንዴ? እዚህ ሳምንት ያደረ ሁሉ ያጥባል። እርስዎም ቢሰነብቱ ያጥባሉ።»

ልክ በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ባለቤታቸውን ደግፈው ከሆስፒታል ገቡ። ደረጃው ታጥቦ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ተራዬን ማን ወሰደብኝ?» አሉ። ነርሷ ደክሞዎታል ብዬ ነው ስትላቸው ይበልጥ ተቆጡ። ከገቡ ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ያልተነፈሱ ሰው ናቸው እኮ። «እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ እንዴ? ሁሉም ሰው የሚያጥበውን ደረጃ እኔ ብቻ የማላጥበው ለምንድን ነው? እሷን አስተኝቼ እመለሳለሁ፤ ባልዲውን ተዪልኝ!»

ሽቦ፣ አለቀስኩ። የሹፌሩ ሚስትም አለቀሰች፤ እሷስ ለነገሩ ሁልጊዜ ነው። ሰብሳቢዋ ግድግዳው ጥግ ቆማ ሁለቱን አሳለፈቻቸውና ባልዲውን ከመንገዳቸው ላይ በእጇ አነሣች። ሦስተኛውን ፎቅ አይታ፣ ወጥ ቤቱን አይታ፣ በባዶ እግሯ ወርዳ ሄደች። ውሳኔው ጥር 25 ይነበባል።

እህትህ

ጥር 16

ለእታለም፣

ደብዳቤሽን ምግብ ቤቱ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ በድጋሚ አንብብ ተባልኩ። ቁፋሮ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ አሁን የሽማግሌው ወገን ሆነዋል። የካልሲው ሰውዬ ምን እንደደረሰ ጠይቅልን ብለውኛል። ዋና አለቃችን ሳይቀር «የእህትህ ቤት ምን ሆነ?» ይለኛል ሲያገኘኝ።

እኔ ግን እንደነሱ መሳቅ አልቻልኩም። ሽማግሌው የተናገሩትን ደጋግሜ አነበብኩት። እነዚህን ሰዎች ነው አስወጪ ያልኩሽ።

የእኔን ጉዳይ ልንገርሽ፦ የዋሻው ሁለት ጫፍ ባለፈው ሰኞ ተገናኘ! ከወዲያ በኩል የሚቆፍሩትን ሰዎች በቀዳዳው እጃቸውን ጨበጥናቸው። መብራቱን ጨርሼ በየካቲት አጋማሽ ነጻ ነኝ። ሌላ ሥራ እስካገኝ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ማረፊያ የሚሆነኝ ቦታ ይኖርሽ ይሆን? ከተቸገርሽ ግን አትጨነቂ፤ እኔ አልጋ ቤት አላጣም።

ወንድምሽ

ጥር 26

ለሽቦዬ፣

አሸነፍን! አሸነፍን! አሸነፍን! ይህን ለቁፋሮ ጓዶችህ ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

ትናንት ሁላችንም ሄድን። የሽማግሌው ባለቤት እንኳ አልቀርም ብለው ዳቦ ጋጋሪው አዝሏቸው ወጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ተወካይ ተነሥቶ ሳሙናዬን እንደገና አነሣት። «እንግዳ ከሌለ ፎጣና ሳሙና ለማን ተዘጋጀ? ደወሉስ ለማን ነው?» አለ። እኔም ተነሣሁ። ድምፄ የስልክ ቤት ድምፅ ነው፤ አዳራሹን ሞላው። «ለእርስዎ ሰው ነዋ! በዚያ ቀን ቤታችን የገባው እንግዳ ተቆጣጣሪው ብቻ ነበር። አክብረን ተቀበልነው፤ እሱ ደግሞ ክብሩን ክስ አድርጎ ጻፈብን!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተቆጣጣሪው ራሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ደም መሰለ፤ ኋላ ግን እሱም ሳቀ። ወጥተን ስንሄድ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ደወሉን ባናቱ ልሰብር ያሰብኩትን ትቼለታለሁ።

ከዚያ ሰብሳቢዋ አነበበች። የአንድ ሕንፃ ዓይነት የሚለየው ሰዎቹ ኪራይ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በመክፈላቸው አይደለም፤ በአንድ ወጥ ቤት በመጠቀማቸውም አይደለም፤ ቤቱን እንዴት እንደሚኖሩበት ነው አለች። ማረፊያ ውስጥ ያደረ ሰው ይገለገላል፤ በዚህ ቤት ግን የሚያገለግል ሌላ ሰው የለም፤ ሁሉም በየተራው ቤቱን ይይዛል። ለሕክምና የመጣ ሰውም ቢሆን፣ ሂያጅ ነው ተብሎ ነዋሪነቱ አይሻርም፤ እስኪድን ድረስ ቤቱ እዚያ ነው። ስለዚህ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ «የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ» ነው፤ የእሸጋው ትእዛዝ ተሽሯል። እንዲህ ብላ ማኅተሙን መታችበት። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ልብስ ሰፊው እልል አለ፣ ወንድ ሆኖ! ሹፌሩ የሚነዳውን አውቶቡስ በር ላይ አቁሞ ኖሮ ሁላችንንም ጭኖ፣ በየፌርማታው የሚጠብቁት ሰዎች እየተገረሙ፣ እየዘፈንን ቤታችን ገባን። የሽማግሌው ባለቤት በአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ እንደደረስን ኮታቸውን አውልቀው ባልዲ ያዙ፤ ለቅዳሜ ገና አራት ቀን ይቀራል ብንላቸው አልሰማም አሉ። የካልሲው ሰውዬ ካልሲውን ሊወስድ ዛሬ መጥቶ ነበር፤ ልብስ ሰፊው በነጻ ነው ብሎ ሸኝቶታል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ማረፊያ ይኖርሽ ይሆን ብለሃል። ማረፊያ የለም። ቤታችን ማረፊያ አለመሆኑን በማኅተም አስመስክረን መጥተናል፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ እንዳትጠይቀኝ። የድሮ ክፍልህን ነርሷ ይዛዋለች፤ ስትመረቅም አልለቅም ብላለች። ሌሎቹም ክፍሎች ሙሉ ናቸው። ሽቦ ሊመጣ ነው ብላቸው ግን ደረጃው ላይ ተሰብስበው ተማከሩ። ሹፌሩ መንታዎቹን ወደ ራሱ ክፍል ላስገባ አለ፤ ዳቦ ጋጋሪው እኔ ጋ ይደር አለ፤ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ከጓዳው ላውጣለት አለ። ሲጨቃጨቁ አድረው አሁንም አልተስማሙም።

ለእንግዳ የሚሆን ቦታ የለንም፣ ወንድሜ። ለሚኖር ሰው ግን እንጠጋጋለን። ፍራሽህን ይዘህ ና።

እህትህ